ስለ ሕግ ትምህርት ለሕዝብ የተነገረው ቃል፤ በዳሞት አገር ታሪክ ሲመዘን

በቀድሞው ዘመን በጎጃም ገበያዎች አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ትእዛዙን ከተናገረ በኋላ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አደራ ይል ነበር። ይህ አነጋገር በልማድ ብዛት ስለ ተለመደ ክብደቱ ተዘንግቷል እንጂ፣ በውስጡ አንድ ከባድ ሐሳብ አለበት። ሕግ የሚያወጣው ክፍል ቃሉን ጥሎ አይሄድም፤ የሰማውም ሰው የሰማውን ለጎረቤቱ ሳያጣምም የማድረስ ኀላፊነት ይወድቅበታል። በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል በምትገኘው በጅጋ ከተማ፣ በቡሬም ሆነ በማንኩሳ ይህን የማሰማት ሥራ ከነጋሪቱ በኋላ የተረከበው በአብዛኛው መምህሩ ነው። ጋዜጣ ሲመጣ የሚያነበው፣ ራዲዮ ሲናገር የሚተረጉመው፣ «ይህ አዲስ ሕግ ምን ማለት ነው?» ተብሎ በመንገድ ላይ የሚጠየቀው እርሱ ነበር።

ስለዚህም ስለ ሕግና ስለ ሕግ ትምህርት መሻሻል በባለ ሥልጣኖችና በምሁራን በአደባባይ የተነገሩ ቃሎች እንዴት ባለ የሥነ ምግባር ሚዛን መመዘን እንዳለባቸው መመርመር ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው የቅርብ ጉዳይ ነው። «የተነገረው እውነት ነበር ወይስ ሐሰት?» ብሎ ማለፍ ብቻውን አይበቃም። የጎጃም ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ እውነት የሆነ ቃል ሕዝብን ሊያስቆጣ፣ የሚያምር ቃልም ከሥራው ተለይቶ ሊኖር ይችላል።

ከትምህርት ቤት በፊት የነበረ የሕግ ዕውቀት

ስለ ሕግ ትምህርት በተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ታሪኩ የሚጀምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተበት ከ1956 ዓ.ም. ነው። ይህ አጀማመር ለዘመናዊው ትምህርት ትክክል ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት አገሩ ሕግ የማያውቅ፣ ሕግም የማይማርበት ነበር የሚል የተሳሳተ አስተያየት ያስከትላል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍትሐ ነገሥት ከነአንድምታው ከመጻሕፍተ ሊቃውንት ጋር ይተረጎም ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መሆኑ የታወቀ ነው። ጎጃም በቅኔና በትርጓሜ ትምህርት ስመ ጥር አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ከዲማ ጊዮርጊስና ከደብረ ኤልያስ አካባቢ የወጡ ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ይዘው ወደየአገሩ ተበትነዋል።

ከሊቃውንቱ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን የገበሬው ትምህርት ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ አለን ሆበን ከጅጋ ብዙም በማይርቀው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። ጥናቱ እንደሚያሳየው አንድ ሰው ርስት የሚጠይቀው መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። በመሆኑም መሬት የሚፈልግ ገበሬ የትውልድ ሐረጉን ማወቅ፣ ምስክር ማቆም፣ የዘመዶቹን ወኪል ወይም ፈጅ መምረጥ፣ በዳኛና በሽማግሌ ፊት አሳምሮ መናገር ነበረበት። ልጁ ይህን የሚማረው በሙግት ላይ ቆሞ በማየት ነው። «ተጠየቅ» እየተባለ በሚደረገው ክርክር የነገር አመጣጥና የነገር መልስ፣ የዋስና የምስክር ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ በቃል መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። አንድ ጊዜ በዳኛ ፊት የተነገረ ቃል ተመልሶ አይዋጥም። የዳሞት ገበሬ ከመንግሥት የሚሰማውን ቃል የመዘነው በዚህ ሚዛን መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እርግጥ ይህ ሥርዓት መልካም ብቻ አልነበረም። ሙግት ዓመታት ይወስዳል፤ ለዳኛና ለአማላጅ የሚወጣው ገንዘብ ደኻውን ያደኸያል፤ ብዙ ዘመድ ያለው ጥቂት ዘመድ ያለውን ያሸንፋል። ስለሆነም የሕግ መሻሻልን አስፈላጊነት የሚክድ ሰው አልነበረም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መቅድሙና አንቀጽ 3347

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ በመጨረሻም የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በተከታታይ ታወጁ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ረቂቁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ከዚያም ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል።

ንጉሠ ነገሥቱ በፍትሐ ብሔሩ መቅድም ላይ ያሰፈሩት ቃል በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሕጉ ሲዘጋጅ ከጥንታዊው ፍትሐ ነገሥትና ከኢትዮጵያ የሕግ ወግ መንፈስ የተቀዳ መሆኑን ያስረዳሉ፤ አልፎም ለሕዝቡ ልብ የማይደርስ፣ ለልማዱና ለችግሩ የማይስማማ ሕግ ሊሠራ እንደማይችል ይገልጻሉ። ከዚህ የተሻለ የሕግ ትምህርት መርሕ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በዚያው ሕግ የመጨረሻ ክፍል የሚገኘው አንቀጽ 3347፣ በሌላ አኳኋን ካልተነገረ በቀር ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ በጽሑፍም ሆነ በልማድ ይሠራባቸው የነበሩ ደንቦች ሁሉ የተሻሩ መሆናቸውን ይደነግጋል። መቅድሙ ልማዱን ሲያከብር መደምደሚያው ይሽረዋል።

ለመሆኑ መቅድሙ ሐሰት ነውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ይከብዳል። በሕጉ ውስጥ የአገሩ ወግ የገባባቸው ቦታዎች አሉ፤ የባልና ሚስት ጠብ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲታይ መደረጉ አንዱ ነው። ረኔ ዳቪድ ራሳቸውም ለውጭ አገር ምሁራን በጻፉት ጽሑፍ ዋናውን ምክንያት አልሸሸጉም፤ ኢትዮጵያ ሕጓ ቀስ በቀስ በልማድ እስኪዳብር ድረስ መቶ ዓመታት ልትጠብቅ አትችልም የሚል ነበር። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ለውጭው ምሁር የተነገረው «ከውጭ ያመጣነው ጊዜ ስለሌለን ነው» የሚል ሲሆን፣ ለአገሩ ሰው የተነገረው «የራስህ ነው» የሚል ሆነ። ሁለቱም በከፊል እውነት ናቸው። ሁለቱ ቃሎች በአንድ አደባባይ፣ ለአንድ ሰሚ ቢነገሩ ኖሮ ግን ሰሚው «እንግዲያውስ የእኔ የሆነው የትኛው፣ የተዋስነውስ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ በቻለ ነበር።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮችን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። የቱርክ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1926 የስዊስን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲቀበሉ ከአሮጌው ሥርዓት ለመላቀቅ ሆን ብለው የሚያደርጉት መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በአንካራ የተከፈተው የሕግ ትምህርት ቤትም ለዚሁ ሥራ የታሰበ ነበር። አድራጎቱን የሚነቅፍ ይኖራል፤ ያልተነገረ ነገር ነበረ ብሎ መንቀፍ ግን አስቸጋሪ ነው። በጃፓን ደግሞ በፈረንሳዊው ቧሶናድ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1890 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕግ ትምህርት ቤቶች መካከል ብርቱ ክርክር ስላስነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራ ላይ ሳይውል እንዲቆይ ተወሰነ፤ እንደገና ተዘጋጅቶ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቹ ከሕጉ በፊት ስለነበሩ ሊከራከሩ ቻሉ። በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ቀድሞ ታወጀ፤ የሕግ ፋኩልቲው የተከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ በመሆኑ ሥራው የታወጀውን ማስተማር ሆነ።

ፋኩልቲው በመጀመሪያው ዲን በአሜሪካዊው ጄምስ ፖል መሪነት የሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያን የሕግ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ የማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቷል፤ በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የማታ ትምህርት ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ፍትሐ ነገሥትን በአባ ጳውሎስ ጻድዋ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ አሳትሟል። መቅድሙ መሠረት ያደረገው መጽሐፍ በሕግ ተማሪዎች እጅ የገባው ሕጉ ከታወጀ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ያውም በባዕድ ቋንቋ መሆኑ የሚያስተዛዝብ ነው። የመደበኛው ትምህርት ቋንቋም እንግሊዝኛ ነበር። ተመራቂው ግን የሚፈርደውና የሚከራከረው በአማርኛ ነው።

የ1960 ዓ.ም. አዋጅ በጎጃም

ፍትሐ ነገሥት በእንግሊዝኛ በታተመበት ዓመት በጎጃም ጦር ተሰልፎ ነበር።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። ገቢው እስከ 300 ብር የሆነው ገበሬ በዓመት 1 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል፣ ባለ ብዙ ገቢው ደግሞ እየጨመረ እንዲከፍል ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለደኻው የሚያደላ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው የተሻለ ሕግ ነው። ባለ ሥልጣኖቹም ሕጉ መሬት የሚያስለካ፣ ርስት የሚነካ አለመሆኑን ተናገሩ። ከሕጉ ቃል አንጻር ሲታይ ይህ አነጋገር እውነት ነበር።

የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ግን አላመነም። ገማቾች ሲመጡ ቀላድ የሚጥሉ መስሎት ተነሣ። ቀላድ ማለት ደግሞ ለጎጃም ሰው የመሬት መለኪያ ገመድ ብቻ አልነበረም፤ በደቡብ ክፍለ ሀገሮች መሬት ተለክቶ ገበሬው ጭሰኛ የሆነበትን ታሪክ ያስታውሰዋል። ከነጻነት በኋላም የመሬት ግብር በመሬት ልክ ይከፈል በተባለ ጊዜ ጎጃም ተቃውሞ፣ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ከትግሬና ከበጌምድር ጋር እንደ ቀድሞው ልማድ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ገበሬው በሙግት ያገኘው ፍርድ አድርጎ የቆጠረው ይህን ነው። ፍርዱ የተገለበጠ ሲመስለው ለምን እንደ ተነሣ መረዳት አያስቸግርም።

በዚህ ላይ ለመምህራን ይበልጥ የሚያስተምር ሌላ ነገር አለ። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ፣ ገንዘቡ በየአገሩ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ እንደሚውል ተነግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የጤና ግብር ተጨመረ። ገበሬው ከፍሏል። ነገር ግን ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ባለው በአብዛኛው የጎጃም ገጠር ትምህርት ቤትም ሆነ ክሊኒክ አልታየም፤ አብዮቱ በፈነዳበት ጊዜ እንኳ በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ10 በመቶ በታች እንደ ነበረ ይገመታል። ለልጁ ትምህርት ብሎ ሃያ ዓመት ሲከፍል የኖረና ትምህርት ቤት ያላየ ሰው፣ «ይህኛው ግብር መሬትህን አይነካም» ሲባል ለምን ይመን? ተናጋሪው በ1960 ዓ.ም. አልዋሸም፤ ቢሆንም ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልፈጸሙትን ቃል ዕዳ ወርሶ ነው የተናገረው። ከአገረ ገዥው አስተዳደር ጋር የነበረው ቅሬታና ልዩ ልዩ መዋጮ ሲታከልበት ነገሩ በቃል የሚበርድ አልሆነም።

ማስረዳት የተሞከረው ካመፁ በኋላ ነው። ሕጉ በፓርላማ ሲታይ፣ ገማቾች ሲመረጡ፣ ገበሬው ሕጉን የሚሰማበትና የሚጠይቅበት አንድም ሸንጎ በዳሞት አልተዘጋጀለትም። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟልና ሁሉ እንዳወቀው ይቆጠራል የሚለው የሕግ አባባል ለዳኛ ይጠቅም ይሆናል፤ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ግን ማስተማር አይደለም። ወታደር ገባ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ፤ ሰው ሞተ፤ እህልና ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አዲሱ ግብር በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ለገበሬው ማድላትም ልክ አይደለም። ሕጉ ስለ ቀላድ የማይናገር መሆኑን ያወቁና ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ወሬውን ያናፈሱ ባለ ርስቶች እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል፤ በአዲሱ ተመን ብዙ የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩና። የሰማ ላልሰማ ያሰማ የተባለው አደራ በእነርሱም ላይ ይጸናል።

የተደበቀው ጥናት

ከስድስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ስሕተት በራሱ በትምህርት ሚኒስቴር ላይ ደረሰ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የሚባለው፣ በአብዛኛው የአገሪቱንና የዩኒቨርሲቲውን ምሁራን ከዓለም ባንክ፣ ከዩኔስኮና ከዓለም የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ያሰባሰበ ነበር። የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ገጠር ልጆች እንዲዳረስ የሚያቅድ በመሆኑ ብዙ የሚመሰገን ሐሳብ ነበረበት። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ለመምህራን ሳይገለጽ ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን መምህሩ ደመወዙ ሊቀነስ፣ የደኻ ልጅም ከአራተኛ ክፍል በላይ ሊከለከል ነው የሚል ወሬ ቀድሞት ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ መናር ምክንያት አብረው ቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቅዱ እንዲቆይ ተደረገ፤ በዚያው ወር የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

በጎጃም እውነቱ ከነገር በኋላ ተነገረ፤ በየካቲት ደግሞ እውነቱ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ሳለ ወሬ ቦታውን ያዘ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች በቅን ልቡና እንደ ሠሩ መቀበል ይገባል። ነገር ግን ዕቅዱን በክፍል ውስጥ የሚፈጽመውን ሰው ሳያማክሩ ቅን መሆን የሥነ ምግባር ሙሉነት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በአንጻሩ በዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን አማካይነት በየመንደሩ ተነገረ፤ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ተደርጎ ያልተማረው ገበሬ ዳኛ ሆነ። በዳሞት ለብዙ ዘመን የቆየው የርስት ሙግት በዚህ ተዘጋ። ሕጉን ለማሰማት የተደረገው ድካም ከቀድሞው ሁሉ የላቀ ቢሆንም፣ ሰሚው «አይሆንም» ብሎ የሚመልስበት ቦታ አልተተወለትም። መናገርና ማነጋገር የተለያዩ መሆናቸው የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ማሻሻያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎችን ከነፍርድ ቤቶቻቸው ካቋቋመ በኋላ የሕግ ባለሙያ ፍላጎት በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ለረዥም ጊዜ በአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ የነበረው የሕግ ትምህርትም ባሕር ዳርን ጨምሮ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ፤ በኋላም ደብረ ማርቆስ ደረሰ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ትምህርትና ሥልጠና ማሻሻያ ሰነድ የተዘጋጀው ይህ መስፋፋት ያስከተለውን ችግር ለማቃናት ነው። የዲግሪው ትምህርት 5 ዓመት እንዲሆን፣ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት እንዲኖር፣ ተማሪው በምስለ ችሎትና በፍርድ ቤት ልምምድ እንዲሠለጥን፣ ሲመረቅም አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተወሰነ። ፈተናው በ2003 ዓ.ም. በሕግ ትምህርት ተጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ተዳርሷል።

ይህ ሰነድ ከ1952 ዓ.ም. መቅድም ጋር ሲነጻጸር አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ጉድለትን በጉድለትነቱ ይናገራል። የማስተማሪያ ዘዴው፣ የመምህራኑ ዝግጅት፣ የመጻሕፍት እጥረት ሁሉ ሳይሸፋፈን ተጽፏል። መንግሥት የራሱን ትምህርት ቤት ድካም በራሱ ሰነድ ማተሙ በአደባባይ ቃል ታሪክ ውስጥ ሊመዘገብለት የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ጥራት በሚነገርበት በዚያው ዘመን ቁጥርም እየተስፋፋ ሄደ፤ ከመጻሕፍትና ከመምህራን ቀድሞ ተማሪ የሚገባባቸው አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የመውጫ ፈተናው የሚመዝነው ተማሪውን ነው፤ የወደቀው ተማሪ ለብቻው ሲቆጠር፣ ሳይዘጋጅ የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን በዚያ ሚዛን ላይ አይወጣም። የትምህርት ግብር ከፍሎ ትምህርት ቤት ያላየው ገበሬና አምስት ዓመት ተምሮ የወደቀው ወጣት በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የራሳቸውን ድርሻ ከፍለዋል።

የቋንቋውም ነገር ካለበት አልተነቃነቀም። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች ግን የሚሠሩት በአማርኛ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ተመርቆ ፍኖተ ሰላም ለችሎት የሚቆም ወጣት የውልና የርስት ወራሽነት ሕግን የተማረበትን ቃል ትቶ፣ በሥራ ላይ ሳለ ከአዛውንት ዳኞችና ከችሎት ጸሐፊዎች የአማርኛውን ቃል እንደገና ይማራል። ከጅጋ ገጠር ለአቤቱታ የሚመጣው ገበሬም አስቀድሞ የሚያገኘው ይህን ተመራቂ አይደለም። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ነው፤ ነገሩን በቃል ያስረዳዋል፣ የጽሕፈቱን ዋጋ ይከፍላል፣ ከዚያም ስለ ራሱ የተጻፈውን ወረቀት አስነብቦ ይሰማል።